የሴቶች ድርሻ በፊልምና በቴሌቪዥን ሙያ፤ ከበዓል አከባበር ባሻገር

ንፋስ መውጫ ከደብረ ታቦር ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። የላይ ጋይንት ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ለአካባቢው ገጠር ቀበሌዎች የገበያና የመጓጓዣ ማዕከል በመሆን ስታገለግል ኖራለች። ስሟ በአገር ውስጥና በውጭ መገናኛ ብዙኃን በስፋት የተነሣው ግን በልማት ዜና ወይም በጥበብ ሥራ ሳይሆን፣ በ2013 ዓ.ም መጨረሻ በደረሰባት የጦርነት ጉዳት ምክንያት ነው።

የሕወሓት ታጣቂዎች ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 15 ቀን 2013 ዓ.ም ከተማዋን ለዘጠኝ ቀናት ተቆጣጥረው መቆየታቸው ይታወቃል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ጥቅምት 30 ቀን 2014 ዓ.ም ይፋ ባደረገው ሪፖርት፣ ካነጋገራቸው 16 የንፋስ መውጫ ሴቶች መካከል 14ቱ በቡድን እንደተደፈሩ መናገራቸውን ገልጿል። የክልሉ ባለሥልጣናት በበኩላቸው ከ70 በላይ ሴቶች የመደፈር ጥቃት እንደደረሰባቸው ማመልከታቸውን ለድርጅቱ አስታውቀው ነበር። የከተማዋ ሆስፒታል በመዘረፉና በመጎዳቱ ተጎጂዎቹ በወቅቱ ተገቢውን ሕክምና ማግኘት እንዳልቻሉም በሪፖርቱ ተመልክቷል። በዚሁ ጦርነት በትግራይ ክልል ጭምር በርካታ ሴቶች ለተመሳሳይ ጥቃት መዳረጋቸውን፣ ሁሉም ተፋላሚ ወገኖች በተለያየ ደረጃ የመብት ጥሰት መፈጸማቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በጋራ ባወጡት ሪፖርት አረጋግጠዋል።

እነዚህ ሴቶች የደረሰባቸውን ግፍ ለዓለም ያሰሙት በአብዛኛው በመቅረጸ ድምፅና በካሜራ ፊት ነው። በዚህም ሳቢያ በሌላ ጊዜ ለከተሜ ባለሙያዎች ብቻ የተተወ የሚመስል አንድ ጥያቄ የንፋስ መውጫም ጥያቄ ለመሆን በቅቷል። ካሜራውን የያዘው ማን ነው? ጥያቄውን የሚያቀርበው፣ የተቀረጸውን ቆርጦ የሚቀጥለው፣ የትኛው ቃል እንዲሰማና የትኛው እንዲቀር የሚወስነውስ ማን ነው? በፊልምና በቴሌቪዥን ሙያ የተሰማሩ ሴቶችን ማክበርና ማብቃት ሲባል ጉዳዩ በየዓመቱ የካቲት 29 ቀን ከሚከበረው ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን መድረክ አልፎ መታየት የሚገባው ከዚህ የተነሣ ነው።

በትንሽ ከተማ ፊትን በጥቁር መሸፈን ብቻውን ማንነትን አይሸፍንም። ጎረቤት ሴቲቱን በድምጿ፣ በነጠላዋ አለባበስ፣ በግድግዳው ቀለምና በደጃፉ ዛፍ ይለያታል። እንዲህ ያለ ምስክርነት ለመቀበል የሚመጣ የቀረጻ ቡድን በሙሉ ወንዶች ሲሆኑ፣ ከባሏና ከልጆቿ ሰውራ የኖረችውን ነገር አውጥታ እንድትናገር የምትጠየቀው ሴት ወይ ዝም ትላለች፣ አሊያም ከፈቀደችው በላይ ትናገራለች። ሴት ጋዜጠኛ፣ ሴት የካሜራ ባለሙያና ሴት የቪዲዮ አርታኢ መኖራቸው ችግሩን ሙሉ በሙሉ ባይፈታውም፣ ተናጋሪዋ የምትመርጠው አማራጭ እንዲኖራት ያደርጋል። የሴቶች በሙያው መብዛት የቁጥር ማሟያ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

የታሪኩ አመጣጥም ይህንኑ ያሳያል። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር በተጀመረበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ይህን ልማድ በመስበር በ1940ዎቹ ዓ.ም መድረክ ላይ የወጡት አርቲስት አስናቀች ወርቁ፣ በተዋናይነትም ሆነ በክራር ተጫዋችነት ስመ ጥር ለመሆን የበቁት ከማኅበረሰቡ የሚሰነዘረውን ነቀፌታ ተቋቁመው ነው። አርቲስቷ በ2004 ዓ.ም መጀመሪያ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ በኋላ የሕይወት ታሪካቸው «አስኒ» በተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ለዕይታ የበቃ ሲሆን፣ የፊልሙ ዳይሬክተር ራሔል ሳሙኤል ሴት መሆናቸው የሁለት ትውልድን ጉዞ በአንድ ያገናኘ ሆኗል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የአገሪቱ ሙሉ ርዝመት ያለው ፊልም ተብሎ የሚጠቀሰው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ለሕዝብ ቀርቧል። ከዓመታት በኋላም «አስቴር» የተሰኘው ፊልም ተሠርቷል። ሁለቱም ፊልሞች በሴት ስም የተሰየሙ ናቸው፤ ያዘጋጇቸው ግን ወንዶች ናቸው። የሴት ሕይወት የአገሪቱ ፊልም ዋነኛ መነሻ ሆኖ ሳለ፣ ያንን ሕይወት በራሷ ዓይን አይታ የምታቀርብ ሴት ዳይሬክተር ለመታየት ረጅም ጊዜ ወስዷል።

ይህ ሁኔታ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። ከሰሃራ በስተደቡብ ባሉ አገሮች በሴት ዳይሬክተር ተዘጋጅቶ ለንግድ የተሠራጨው የመጀመሪያው ሙሉ ርዝመት ያለው ፊልም እ.ኤ.አ በ1975 በሴኔጋላዊቷ ሳፊ ፋይ የቀረበው «ካዱ በይካት» ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በዋና ከተማ ሳይሆን በአንዲት የገበሬዎች መንደር ነበር። በአሜሪካም የኦስካር የምርጥ ዳይሬክተርነት ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ በሴት እጅ የገባው እ.ኤ.አ በ2010 ነው። በአፍሪካ አንጋፋ በሆነው የዋጋዱጉ የፊልም ፌስቲቫል «የየነንጋ ወርቃማ ፈረስ» የተሰኘው ከፍተኛ ሽልማት እስከ 2025ቱ ፌስቲቫል ድረስ ለአንዲት ሴት ዳይሬክተር አለመሰጠቱ በተደጋጋሚ መነጋገሪያ ሆኗል። ሽልማቱ የተሰየመው ግን በፈረሰኝነቷ በምትታወቅ ልዕልት ስም ነው።

ኢትዮጵያ ይህንን ሽልማት ያገኘችው እ.ኤ.አ በ2009 በፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ፊልም አማካይነት እንደነበር ይታወሳል። ጎንደር ተወልደው ያደጉት ዳይሬክተር ፊልሙን ለማጠናቀቅ ብዙ ዓመታት የወሰደባቸው ሲሆን፣ በፕሮዲዩሰርነት አብረዋቸው የሠሩት እህታቸው ሰሎሜ ገሪማ ናቸው። የፕሮዲዩሰር ሥራ ገንዘብ ማፈላለግ፣ ፈቃድ ማውጣት፣ ባለሙያ ማሰማራትና ቀረጻው እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው። ተመልካች የዳይሬክተሩንና የተዋንያኑን ስም ይዞ ሲወጣ፣ ፊልሙን ከዳር ያደረሰችው ባለሙያ ስም ግን በአብዛኛው አይነሣም። ሴቶችን ማክበር ሲታሰብ ከሚታየው ፊት ባሻገር ይህን የማይታይ ድካም መቁጠር ይገባል።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያትና ትውልደ ኢትዮጵያውያት በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ያስመዘገቡት ውጤት ቀላል የሚባል አይደለም። በአሜሪካ ዌልስሊ ኮሌጅ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያ እ.ኤ.አ በ1991 ባቀረቡት «ስደት» የተሰኘ ፊልም በሱዳን በስደት የሚኖሩ ሴቶችን ኑሮ አሳይተዋል። ቆየት ብለውም የተማሪዎችን ንቅናቄና የቀይ ሽብርን ዘመን ከራሳቸው ቤተሰብ ታሪክ ጋር አያይዘው አቅርበዋል። ታማራ ዳዊት እ.ኤ.አ በ2020 ለዕይታ ባበቁት ዘጋቢ ፊልም ኢሕአፓን ተቀላቅለው የጠፉትን አክስታቸውን ፍለጋ የቤተሰቡን ሴቶች አነጋግረዋል። ልጅነታቸውን በሐረር ያሳለፉት ጄሲካ በሽር ደግሞ «ፋያ ዳዪ» የተሰኘውን በጫት ዙሪያ ያጠነጠነ ፊልም ካሜራውን ራሳቸው ይዘው ለአሥር ዓመታት ያህል በመመላለስ ቀርጸዋል። ፊልሙ እ.ኤ.አ በ2021 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ቀርቦ ከፍተኛ አድናቆት አትርፏል።

በአገር ውስጥም ቅድስት ይልማ በደራሲነትና በዳይሬክተርነት ያቀረቡት «ረቡኒ» በጉማ የፊልም ሽልማት ተሸላሚ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው። ሕይወት አድማሱ «አዲስ ዓይን» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የሰጡት አጭር ፊልማቸው እ.ኤ.አ በ2015 በቬኒስ ፌስቲቫል ለመታየት በቅቷል። በቴሌቪዥን ረገድ በ2000ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ በርካታ ቤተሰቦችን በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሰብስቦ ያነጋገረው «ገመና» ድራማ የአዳነች ወልደገብርኤል ድርሰት መሆኑ ሴት ደራስያን ሰፊ ተመልካች መያዝ እንደሚችሉ ያረጋገጠ ነው።

ይሁን እንጂ የሴት ባለሙያ መኖር ብቻውን የሴት ባለታሪክን መብት ያስከብራል ማለት አይደለም። ለዚህ «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ፊልሙ በ1980ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ በአርሲ አካባቢ በጠለፋ ተወስዳ ተገዳ የተደፈረችና ራሷን ስትከላከል ጠላፊዋን የገደለች ታዳጊ ልጅ በፍርድ ቤት ነፃ የወጣችበትን እውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደረገ ነው። ለልጅቷ ጥብቅና የቆመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሲሆን፣ የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ ከ2011 ዓ.ም እስከ 2015 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በመሆን አገልግለዋል። በቀድሞው የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ የነበረ ሲሆን፣ ይህ ቀዳዳ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም በወጣው የወንጀል ሕግ ነው።

«ድፍረት» በዳይሬክተር ዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ተዘጋጅቶ፣ ዶክተር ምሕረት ማንደፍሮ በፕሮዲዩሰርነት ተሳትፈውበት፣ ሜሮን ጌትነትና ትዝታ ሀገሬ በመሪ ተዋናይትነት ተጫውተውበት እ.ኤ.አ በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር በተዘጋጀው የምርቃት ሥነ ሥርዓት ላይ ግን ፊልሙ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቆም ተደርጓል። ታሪኩ የሕይወቷ የሆነው ሴት ያለ ፈቃዷ ተሠርቷል የሚል ቅሬታ ማቅረቧም በወቅቱ በስፋት ተዘግቧል። የክርክሩ ዝርዝር ምንም ይሁን ምን፣ ጉዳዩ ያነሣው ጥያቄ ዛሬም ሕያው ነው። ለሴቶች መብት የሚሟገት፣ ሴቶች የተሳተፉበትና ዓለም ያደነቀው ሥራ ሳይቀር ባለታሪኳን ከውሳኔው ውጭ አድርጓል የሚል አቤቱታ ሊቀርብበት ይችላል።

ንፋስ መውጫ ከዚህ የምትማረው አለ። ነገ ከነገ ወዲያ የዘጠኙ ቀናት ታሪክ በዘጋቢ ፊልም ወይም በድራማ መልክ መቅረቡ የሚጠበቅ ነው። ያን ጊዜ የተጎጂዎቹ ፈቃድ አንድ ጊዜ ተፈርሞ በመዝገብ የሚቀመጥ ወረቀት ብቻ ሊሆን አይገባውም። በጭንቀት ሰዓት የተናገረች ሴት ከዓመታት በኋላ ሐሳቧን ልትለውጥ ትችላለች። ልጇ አድጎ ትምህርት ቤት ገብቶ ይሆናል፤ እርሷም ትዳር መሥርታ ይሆናል። የተቀረጸው ምስል ግን በየመዝገብ ቤቱና በየስልኩ እንዳለ ይቆያል። በመሆኑም ፈቃዱ ከመሠራጨቱ በፊት ተመልሶ የሚጠየቅበት፣ ባለታሪኳ የተቀናበረውን አስቀድማ የምታይበትና ማውጣት የምትሻውን የምታስወጣበት አሠራር መዘርጋት ያስፈልጋል።

የአካባቢው ሴቶች ለትረካ እንግዳ አይደሉም። በወፍጮ ላይ በሚያንጎራጉሩት፣ በሠርግ በሚያዜሙትና በለቅሶ በሚያወርዱት ሙሾ የዘመናቸውን ደስታና ሐዘን በአጭር ቃል አሳምረው የመናገር ችሎታ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቷል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አልቃሽ ተብላ የምትከበር ሴት የሟቹን ታሪክ፣ የቤተሰቡን ጠባይና የዘመኑን ሁኔታ አዛምዳ ለሕዝብ የምታቀርብ ናት። ይህ ለፊልም ጽሑፍ ድርሰትም ሆነ ለዘጋቢ ፊልም መሠረት የሚሆን ሀብት ነው። የጎደለው ችሎታው ሳይሆን፣ ችሎታውን ወደ ሙያ የሚያሸጋግረው መሣሪያ፣ ሥልጠናና ገበያ ነው።

ለሕፃናትና ለልጃገረዶች የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ያስገኙት ተሞክሮ መንገዱ የማይቻል አለመሆኑን ያሳያል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ እ.ኤ.አ በ2006 «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን የአሻንጉሊት ፕሮግራም ከባለቤታቸው ጋር በመኖሪያ ቤታቸው በማዘጋጀት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ማቅረብ ጀመሩ። ፀሐይ የተባለችው ትንሿ ቀጭኔ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በልጆች ዘንድ የተወደደች ስትሆን፣ ፕሮግራሙ ዓለም አቀፍ ሽልማቶችን አግኝቷል። አዘጋጇም እ.ኤ.አ በ2010 የሮሌክስ ሽልማት ተቀብለዋል። ከዚያም «ጥበብ» በተሰኙ ሦስት ልጃገረዶች ዙሪያ ያጠነጠነ የካርቱን ተከታታይ ፊልም በማዘጋጀት ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን የመሳሰሉ በአደባባይ የማይነሡ ጉዳዮችን ለልጆች በሚገባ ቋንቋ አቅርበዋል። እ.ኤ.አ በ2013 የተጀመረው «የኛ» የተሰኘው የሬዲዮ ድራማና ሙዚቃም በአማራ ክልል ልጃገረዶችን ዋነኛ አድማጭ አድርጎ ተሠራጭቷል።

እነዚህ ሥራዎች ለደቡብ ጎንደር ያላቸው ፋይዳ ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ የደነገገ ቢሆንም፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ በክልሉ ገጠሮች ለረጅም ጊዜ ጸንቶ የቆየ ልማድ ነው። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ እርሷን የምትመስል፣ በእርሷ ቋንቋ የምትናገርና «አይሆንም» ማለት የምትችል ልጃገረድ በስክሪን ላይ ስታይ፣ ከስብሰባ አዳራሽ የማይገኝ ትምህርት ታገኛለች። ያንን ገጸ ባሕርይ የፈጠረችው ሴት መሆኗን ስታውቅ ደግሞ ሙያው ለእርሷም ክፍት መሆኑን ትረዳለች።

የሴቶችን ዕድገት የሚያስተጓጉሉ ችግሮች የሚታወቁ ናቸው። የፊልም ሥራ በአመዛኙ በአዲስ አበባ የተከማቸ ነው። ቀረጻ በሌሊት፣ በሩቅ ቦታና ለሳምንታት ከቤት መለየትን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ የቤት ኃላፊነት የተጫናቸው ሴቶች ከካሜራ፣ ከመብራትና ከድምፅ ሥራ ይልቅ በትወናና በፕሮግራም አቅራቢነት ተወስነው እንዲቀሩ አድርጓል። ተዋናይትን በጥርጣሬ የሚመለከተው የቆየ አመለካከትም ከነጭራሹ አልጠፋም። በሥራ ቦታ የሚደርስ ጾታዊ ትንኮሳ ሲያጋጥም በአጭር ጊዜ ውል የምትሠራ ባለሙያ አቤት የምትልበት ተቋም ማግኘት ይቸግራታል። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ የጸጥታ ሥጋትን፣ የመንገድ መዘጋትንና የኢንተርኔት መቋረጥን በማስከተሉ በክልሉ ተንቀሳቅሶ የመሥራትን ዕድል ይበልጥ አጥብቧል።

መፍትሔው ከትንሹ ሊጀምር ይችላል። በየወረዳው ያሉት የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች ካሜራ ይዘው ዜናና ምስል ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ በመሆናቸው፣ ለገጠር ወጣት ሴቶች የመጀመሪያ የሙያ በር መሆን ይችላሉ። ቢያንስ በካሜራና በቪዲዮ ቅንብር ሥራ ላይ ሴቶችን መድቦ ማሠልጠን የተለየ ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንና የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ሴቶች ማኅበር የመሳሰሉ ተቋማት ጥቃት የደረሰባቸውን ሰዎች ስለማነጋገር የሚሰጡትን ሥልጠና እስከ ወረዳ ቢያወርዱት ውጤቱ ፈጥኖ የሚታይ ይሆናል። በቅርብ ርቀት የሚገኘው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የአካባቢውን ሴቶች ቃል ግጥምና የጦርነቱን ምስክርነት በጥንቃቄ ሰብስቦ ለማቆየት ምቹ ሥፍራ ነው።

ከበጀትም ሆነ ከሥልጠና በፊት ግን የአሠራር ለውጥ ያስፈልጋል። ጥቃት የደረሰባትን ሴት ለማነጋገር የሚሰማራ ቡድን ውስጥ ቢያንስ አንዲት ሴት ባለሙያ እንድትኖር፣ ከቀረጻው በፊት የጤናና የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲማከር፣ ተናጋሪዋ በማንኛውም ጊዜ የማቋረጥ መብት እንዳላት በግልጽ እንዲነገራት ማድረግ ከመልካም ፈቃድ ይልቅ የተጻፈ መመሪያ ሊሆን ይገባል። ሸላሚ ድርጅቶችም ከምርጥ ተዋናይት ሽልማት ጎን ለጎን በካሜራ፣ በቅንብር፣ በድምፅና በፕሮዲዩሰርነት የተሰማሩ ሴቶችን ሥራ ለይተው ቢያሳውቁ፣ ወላጆች ሴት ልጆቻቸው የሚመርጡትን ሙያ እንዲያውቁት ያግዛል።

በንፋስ መውጫ የደረሰው ግፍ በሪፖርት ተመዝግቧል። ሪፖርቱ የዘገበው ግን የተፈጸመባቸውን እንጂ እነርሱ ማን እንደሆኑ አይደለም። ከተማዋ ገበያዋን መልሳ ያቆመች፣ ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት የመለሰች፣ ሴቶቿ ከነጉዳታቸው ቤታቸውን የሚያስተዳድሩባት ከተማ ናት። ይህንን ሙሉ ታሪክ ከሩቅ በሚመጣ ካሜራ ብቻ መንገር አይቻልም። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጃገረዶች ካሜራውን ይዘው የራሳቸውን እናቶች በራሳቸው አንደበት የሚያናግሩበት ቀን እንዲቀርብ፣ መንግሥት፣ የመገናኛ ብዙኃን ተቋማትና የጥበብ ባለሙያዎች ከዓመታዊ በዓል አከባበር ያለፈ ተግባር ሊፈጽሙ ይገባል።